ለዓባይ ነጭ ዓሣ የትኛው የእርሳስ አስተሣሠር ይሻላል?

ባለፉት ሁለት በጋዎች፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ ጀምሮ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወርደው የወንዙ ክፍል ላይ ለነጭ ዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ አራት ዓይነት የእርሳስ፣ ማለትም ማባበያውን ወደ ወንዙ ወለል የሚያወርደው ክብደት፣ አስተሣሠሮችን እያፈራረቅሁ ሞክሬአለሁ። ሁለቱ ከውጭ አገር በመጣ አንድ ሳጥን ውስጥ ተዘጋጅተው የነበሩ ናቸው፤ ሦስተኛውን በዚያው ሳጥን ዕቃ እኔ ራሴ አሰርሁት፤ አራተኛው ደግሞ ከጋራዥ በተገኘ ያረጀ የመኪና ካንዴላ የተሠራ ነው። ሳጥኑን የገዛሁት አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ሲሆን፣ ውስጡ 56 እና 85 ግራም የሚመዝኑ እርሳሶች፣ ዟሪ ቀለበቶች፣ የጎማ ዶቃዎችና እርሳሱን ከክሩ ጋር የሚያያይዙ የፕላስቲክ መያዣዎች ነበሩት።

በሳጥኑ ክዳን ላይ የተሳለው ዓሣ በአውሮፓ ወንዞች የሚኖረው ባርቤል ነው። ይህ ዓሣ ከእኛ ነጭ ዓሣ ጋር ዘመዳም ነው፤ ሁለቱም ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ወገን ናቸው፣ ሁለቱም በአፋቸው ዙሪያ ሁለት ጥንድ ሪዝ አላቸው፣ ሁለቱም በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ምግባቸውን በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ይፈጫሉ። ስለዚህ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ነገር ለእኛም ይሠራል ብሎ መነሣት ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ የአውሮፓው ባርቤል በብዛት የሚጠመደው ጠጠርና አሸዋ በበዛበት ወለል ላይ ሲሆን፣ የእኛ ወንዝ ወለል ግን ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ነው፤ ስንጥቁ፣ ጉድጓዱና ሹል ጠርዙ ክርንም እርሳስንም የሚይዝ ነው። የዚህ ግምገማ አብዛኛው ጉዳይ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው።

አስቀድሜ መመዘኛዬን ልናገር። ብዙ ሰው እርሳስ ሲመርጥ የሚጠይቀው ምን ያህል ርቀት ይወረወራል፣ ወለሉንስ ይዞ ይቆያል ወይ የሚለውን ነው። እኔም ቀድሞ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው፣ ክሩ ዓሣው አፍ ውስጥ መንጠቆ እያለ ቢበጠስ እርሳሱ ከዓሣው ጋር ይሄዳል ወይስ ይለያል የሚለውን ነው። በድንጋያማ ወንዝ ውስጥ ክር መበጠሱ አይቀርም፤ ማጥመጃ መምረጥ ያለብን መበጠሱን እንደ እርግጠኛ ነገር ቆጥረን ነው።

ይህን ጥያቄ በሌላ ወንዝ ከምጠይቀው ይልቅ እዚህ አጥብቄ የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። ሰው ሁሉ ነጭ ዓሣ እያለ በአንድ ስም የሚጠራው ዓሣ በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከእነዚህም 8ቱ በዋነኛነት ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው፤ ይህም በካርፕ ወገን ውስጥ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ በስተቀር የትም አይገኙም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላቆያቸው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ በየመልኩ በዙ። ስለዚህ አንድ ሰው በግድየለሽነት ባሰረው እርሳስ ምክንያት አለት ሥር ታስሮ የሚሞት ዓሣ ከሌላ ወንዝ መጥቶ የሚተካ አይደለም።

ስለ ውኃው ጥቂት ልጨምር። ከሐይቁ መውጫ ላይ በ1988 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የፍሰቱ ኃይል ዝናብ ሳይጥልም ይለወጣል። ጠዋት 56 ግራም የያዘው ቦታ ከሰዓት በኋላ 85 ግራም ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት እርሳሱን ዋናውን ክር ሳይቆርጡ መቀየር መቻል ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከመውጫው አጠገብ ባለው ደንገልና ቄጠማ መካከል ጉማሬዎች ስለሚኖሩ ደግሞ ማለዳ ሳይነጋና አመሻሽ ላይ በዚያ መቆም ማንም ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው። እኔ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ፊት ለፊቱ ገላጣ በሆነ ዳርቻ ላይ ብቻ እቆማለሁ።

ወደ እርሳሶቹ ልመለስ። በሁሉም ሙከራ ዋናው ክር 0.35 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይለን፣ የመንጠቆው ክር ደግሞ 0.28 ሚሊሜትር ነበር፤ ማባበያውም በአብዛኛው ትል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የስንዴ ሊጥ ተጠቅሜአለሁ።

የመጀመሪያው ተንሸራታቹ እርሳስ ነው። በዚህ አስተሣሠር ዋናው ክር በእርሳሱ ራስ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ያልፍና ከታች በጎማ ዶቃና በዟሪ ቀለበት ይገታል፤ ከዚያ በታች የመንጠቆው ክር ይታሰራል። ዓሣው ትሉን አንሥቶ ሲሄድ ክሩ በቀለበቱ ውስጥ ስለሚሾልክ ክብደቱ እምብዛም አይሰማውም፤ አጥማጁ ግን ንክሻውን በዘንጉ ጫፍ ላይ በግልጽ ያየዋል። ለነጭ ዓሣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ፍሰቱ ሲቀንስ ዓሣው ትሉን በአፉ ጫፍ ይዞ የሚለቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ክብደት የሚያስጠረጥረው ከሆነ ወዲያው ይተፋዋል። ዟሪ ቀለበቱ ላይ ያለው ቋጠሮ ቢበጠስ ዓሣው መንጠቆውንና አጭር ክር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ክሩ ከእርሳሱ በላይ ቢበጠስም የተበጠሰው ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ ሾልኮ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው።

እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ሁልጊዜ አይወጣምና። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው የእርሳሱ ቀለበት ጠባብ በመሆኑ፣ ከላይ በኩል አንድ ቋጠሮ ካለ፣ ለምሳሌ ሁለት ክር የተቀጠለ ከሆነ፣ ቋጠሮው ቀለበቱ ላይ ደርሶ ይቆማል። ይህን ያረጋገጥሁት ቤት ውስጥ ክሩን ሆን ብዬ እየበጠስሁ ነው፤ ባዶው ክር በቀላሉ ሲያልፍ፣ የተቀጠለው ክር ግን በሞከርሁ ቁጥር ቆመ። ስለዚህ ተንሸራታች እርሳስ የሚጠቀም ሰው ከእርሳሱ በላይ ያለው ክር አንድ ወጥ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፤ ወይም ሰፊ ቀለበት መግዛት አለበት። ሁለተኛው ድክመቱ የቅርጹ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ተንሸራታች እርሳስ እንደ ዕንቁላል ድቡልቡል ነበር፤ ድቡልቡል ነገር በአሸዋ ላይ እየተንከባለለ ቦታ ለማሰስ ይጠቅማል፤ በባዛልት ላይ ግን እየተንከባለለ ሄዶ የሚገባው ስንጥቅ ውስጥ ነው። በአንድ ጠዋት አራት እርሳስ አጥቼበት ወደ ቤት ተመልሻለሁ።

ሁለተኛው፣ ሳጥኑን የሸጠልኝ ሰው እጅግ ያሞገሰው፣ በፕላስቲክ መያዣ ላይ የሚቆለፈው ጠፍጣፋ እርሳስ ነው። እዚህ ላይ ክሩ አይንሸራተትም። ዓሣው ትሉን ሲያነሣ የእርሳሱ ክብደት በድንገት ይይዘዋል፤ ይደነግጥና ይሸሻል፤ ሲሸሽም መንጠቆው በራሱ ይሰካል። አሠራሩ ብልሃት ያለበት ነው፤ ጠፍጣፋው እርሳስም ወለሉን አጥብቆ ይይዛል፤ በፍጥነት ሲሰበሰብ ደግሞ ውኃው ከሥሩ እየገፋ ስለሚያነሣው ከድንጋዮቹ በላይ ተንሳፎ ይመጣል። ንክሻ የማየት ልምድ የሌለው ሰው በዚህ አስተሣሠር ከሌላው ይልቅ ብዙ ዓሣ ሊይዝ ይችላል።

መያዣው የተሠራው እርሳሱ አለት ሥር ሲወተፍ ሊለቅ ተብሎ ነው፤ እርሳሱን የሚይዘው ክንድ ላይ የሚገፋ የጎማ ቆብ አለ፤ ቆቡ ሲንሸራተት እርሳሱ ይወድቃል። በእኔ ሳጥን ውስጥ የነበሩት ቆቦች ግን እጅግ ጠባብና ደረቅ ስለነበሩ፣ በሁለት እጄ ጎትቼ እንኳ አልለቅ ይሉኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው በጋ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ክሬ ከእርሳሱ በላይ አለት ላይ ተፍቆ ተበጠሰና ዓሣው አመለጠኝ ብዬ ሌላ አሰርሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ወደዚያው ስመለስ፣ ከዳር ጥቂት ሜትር ላይ፣ ውኃው በሚዞርበት ቦታ፣ አንድ ነጭ ዓሣ በጎኑ ተኝቶ ክንፉን ሲያንቀሳቅስ አየሁ። እርሳሱ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሰክቶ፣ ቆቡ ሳይነቃነቅ፣ ዓሣው በከንፈሩ እንደ ታሰረ ጥጃ ተይዞ ነበር። መንጠቆው የእኔ፣ ቋጠሮው የእኔ ነበር። ፈትቼ ወደ ፍሰቱ አዙሬ ረጅም ጊዜ ያዝሁት፤ ነገር ግን አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቆቦች ሁሉ በስለት ሰንጥቄ፣ መያዣው ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ ገፍቼ ሞክሬአቸዋለሁ። እርሳሱ በትንሽ ጉተታ የሚለቅ ሆነ፤ በዚህ መልክ ከተስተካከለ ጉዳቱ ይቀንሳል። ቢሆንም አንድን ዕቃ ገዢው በምላጭ አስተካክሎ ካልተጠቀመበት ዓሣ የሚገድል ከሆነ፣ ለጀማሪ እንዲህ ያለውን ዕቃ ግዛ ብዬ አልመክርም። ዕቃው ለጠጠር ወንዝ ታስቦ ሊሆን ይችላል፤ በዓባይ ላይ ግን እርሳሱ መወተፉ የዘወትር ነገር ነው።

ሦስተኛው በቅርንጫፍ የታሰረው እርሳስ ነው፤ ምርጫዬም ይኸው ነው። ዋናው ክር ላይ ሰፊ ቀለበት ይገባል፤ በቀለበቱ ላይ ደግሞ እርሳሱ በቀጥታ አይታሰርም፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር በሚሆን 0.18 ሚሊሜትር ቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ከቀለበቱ በታች እንደ ተለመደው ዶቃ፣ ዟሪ ቀለበትና የመንጠቆው ክር ይከተላሉ። የነገሩ ምሥጢር ያለው በቀጭኑ ክር ላይ ነው። እርሳሱ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ የሚበጠሰው ይህ ቅርንጫፍ ነው፤ ዓሣው፣ መንጠቆውና ዋናው ክር ወደ እጅ ይመለሳሉ፤ የሚጠፋው አንድ እርሳስ ብቻ ነው። ዋናው ክር ራሱ ከላይ ቢበጠስም፣ ዓሣው ሲጎትት ቀጭኑ ክር ይበጠስለታል። ድንጋዩን በቀጭን፣ ዓሣውን በወፍራም ማሰር እንዳለብኝ በመጀመሪያ የነገሩኝ ታንኳ ይዘው የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸው እርሳስ ገዝተው አያውቁም፤ ክብደታቸው የወንዝ ድንጋይ ነው። ከሳጥኑ ጋር ተጣጥፎ የመጣው የመመሪያ ወረቀት ላይ ግን ይህ ነገር አልነበረም።

በዚህ አስተሣሠር ላይ ያደረግሁት ማሻሻያ የእርሳሱን ቅርጽ የሚመለከት ነው። ድቡልቡሉን ትቼ የመቆለፊያውን ጠፍጣፋ እርሳስ ከፕላስቲኩ ነቅዬ በቅርንጫፉ ላይ አሰርሁት። ወለሉን ይይዛል፤ ሲሰበሰብ ይነሣል፤ በሚወተፍበት ጊዜ ደግሞ ብቻውን ይቀራል። ክብደት ለመቀየር ቀጭኑን ክር ቆርጦ ሌላ ማሰር በቂ ነው፤ ዋናው ክር አይነካም። ጉድለት የለውም ግን አልልም። በኃይል ሲወረወር ቀጭኑ ክር አንዳንድ ጊዜ በአየር ላይ ይበጠስና እርሳሱ ብቻውን ይበርራል፤ ይህ በአጠገብ ለሚቆም ሰውና በታንኳ ለሚያልፍ ሁሉ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከ56 ግራም በላይ ሲሆን አወራወሬ በዝግታ፣ ከጎን፣ ያለ ንጠቃ ነው። ርቀት ለሚፈልግ ሰው ይህ አስተሣሠር አይመቸውም። በእኛ ወንዝ ግን ርቀት እምብዛም አያስፈልግም፤ ነጭ ዓሣ በብዛት የሚቆመው ፍሰቱ ከአለቱ ጀርባ በሚሰበርበት፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ይህ መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳር 15 ሜትር አይርቅም።

ክብደት ስንመርጥ የሚበልጠው ሁልጊዜ የሚሻል አይደለም። ከቆምንበት ወደ ታች አቅጣጫ ወርውረን፣ ክሩን ሳንወጥር ትንሽ ጉብጠት ብንተውለት፣ ውኃው ክሩን የሚጎትትበት ኃይል ስለሚቀንስ ቀለል ያለ እርሳስ ቦታውን ይይዛል። ትክክለኛው ክብደት በዚህ ጉብጠት ወለሉን ለጥቂት ይዞ የሚቆየው ነው፤ ዓሣው ገና ሲነካው እርሳሱ ይነቀላል፤ የተወጠረው የዘንግ ጫፍም በድንገት ይላላል። የነጭ ዓሣን ንክሻ በመጎተት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይህን የመላላት ምልክት ያልፈዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እርሳሱ ተንሸራተተ እያልሁ አልፌዋለሁ።

አራተኛው ካንዴላ ነው። ከጋራዥ የሚጣለውን ያረጀ ካንዴላ በዚያው በቀጭን ክር ቅርንጫፍ ላይ አስሬ ሞክሬአለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቢጠፋ አያሳዝንም፤ እርሳስም የለበትም። የሚጎድለው ይዞታው ነው፤ ረዘም ያለና ክብ ስለሆነ በኃይለኛ ፍሰት ይንከባለላል። ክብደትን በሚመለከት አንድ ስሌት ላንሣ። እርሳስ ከውኃ ከ11 እጥፍ በላይ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ 85 ግራሙ ውኃ ውስጥ ሲገባ 77 ግራም ያህል ሆኖ ይቆያል። የባዛልት ድንጋይ ግን ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ውኃው ይወስድበታል፤ 85 ግራሙ 56 ግራም ገደማ ይሆናል። የካንዴላ ብረትና ሸክላ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይውላል። ስለዚህ በድንጋይ ወይም በካንዴላ ለማጥመድ የሚፈልግ ሰው በእርሳስ ከለመደው የበለጠ ክብደት ማሰር አለበት፤ መጠኑ ስለሚተልቅ ውኃው የሚገፋውም ገጽ ይተልቃል። በዝግተኛው ውኃና በሐይቁ ዳር ግን ካንዴላው በቂ ነው፤ እዚያ እርሳስ መጠቀሙን ትቻለሁ።

ይህን የተውሁበት ምክንያት ለዓሣው ብቻ ብዬ አይደለም። በብሪታንያ ስዋን የተባለው ትልቅ የውኃ ወፍ በየዳርቻው የወደቁ ትንንሽ እርሳሶችን ከጠጠር ጋር እየዋጠ በመመረዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም የሚመዝኑ አብዛኞቹ የዓሣ ማጥመጃ እርሳሶች እንዳይሸጡ ታግዷል። የጣና ዳርቻም የዳክዬና የዝይ መዋያ ነው፤ ወፎቹ ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር ይለቅማሉ። በክር ላይ በጥርስ ተነክሰው የሚያያዙት የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ እርሳሶች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈሩኝ ለዚህ ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ አንድ እሽግ ነበር፤ አልከፈትሁትም። በጥርስ መንከስ ደግሞ ለሰውየውም መጥፎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል።

ከጎሚስታ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ወይም ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ ሰብስበው ቤት ውስጥ የሚያቀልጡ ሰዎች አውቃለሁ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ ቀላልነቱ ነው አደጋው። ጭሱና አመዱ በግቢው አፈር ላይ፣ በዕቃው ላይ፣ በሕፃናት እጅ ላይ ይቀራል፤ የባትሪው ደግሞ አሲድም አለበት። እባካችሁ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን አታድርጉ። እርሳስ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ መቁረስም አይገባም፤ ወንዝ ዳር ምሳ ለሚበላ ሰው ይህ በቀላሉ የሚረሳ ነገር ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማንኛውንም አስተሣሠር አልሞከርሁም። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምቱና በክረምቱ መውጫ ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ መገጭ ወጥተው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ላይ ዕንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው፤ በየወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ ማንም በማንኛውም ነገር ሊይዛቸው ይችላል። በዚያ ወቅት የትኛው እርሳስ ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው መልስ የለኝም፤ ዘንጉ ከቤት ባይወጣ ይሻላል።

ሳጥኑን መግዛት ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ሙሉውን ሳይሆን በተናጠል መግዛት ይሻላል እላለሁ። ሻጩ የሚነጣጥል ከሆነ 56 እና 85 ግራም ጠፍጣፋ እርሳሶችን፣ ዟሪ ቀለበቶችንና የጎማ ዶቃዎችን ብቻ ውሰዱ፤ ዟሪ ቀለበቶቹ በሁለት በጋ አልዛጉም፤ ዶቃዎቹም ቋጠሮውን በደንብ ይጠብቃሉ። የፕላስቲክ መያዣዎቹን ለመግዛት ከወሰናችሁ እዚያው መደብሩ ውስጥ አንዱን ገጥማችሁ በአንድ እጅ ጎትቱት፤ እርሳሱ ካልወደቀ መልሱለት። ቀጭኑን ክር ግን ከሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ስንዝር እንኳ አልነበረም።